ጎለምና ጂኒ በኒውዮርክ፦ ታሪኬን በየትኛው ዓመት ላስጀምረው?

ብራናና ቀለም፦

ሰላም ወዳጆች። ልቦለድ እየጻፍኩ ነው፤ የእናንተ ምክር የሚያስፈልገኝ ቦታ ላይ ደርሻለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ውሰዱልኝ።

ታሪኩ የሚሆነው ኒውዮርክ ነው፣ 19ኛው ክፍለ ዘመን አልቆ 20ኛው ሊገባ አካባቢ። በታችኛው ማንሃታን ምሥራቅ በኩል ከሩሲያ ግዛት የተሰደዱ አይሁዶች ተጨናንቀው ይኖራሉ። በምዕራብ በኩል፣ ዋሽንግተን ጎዳና ላይ ደግሞ «ትንሿ ሶርያ» የሚባል የአረቦች ሰፈር አለ። ከአንዱ ወደ ሌላው በእግር ይደረሳል። እኔ ከምሥራቁ አንድ ጎለም፣ ከምዕራቡ አንዲት ጂኒ ይዤ ላገናኛቸው ነው።

ጎለም ማለት በአይሁድ ተረት አዋቂ ረቢ ከጭቃ አበጅቶ በቅዱስ ስም ኃይል የሚያስነሳው ፍጡር ነው። ጉልበት አለው፣ አንደበት የለውም። የእኔው ኦርቸርድ ጎዳና ላይ ባለች ጠባብ ስፌት ቤት ልብስ ተኳሽ ሆኖ ይሠራል። ጂኒዋ ደግሞ ባሕር የተሻገረችው የነሐስ ሙቀጫ ውስጥ ታስራ ነው። ሙቀጫው ሊባኖስ ውስጥ ካለችው ከዛህሌ የመጣች የአንዲት ሱቅ በደረቴ ሴት ንብረት ነው። ሴትዮዋ ምን እንደተሸከመች አታውቅም።

የሚያስጨንቀኝ ይሄ ነው። አስማት ስላለ ብቻ ሁሉም ነገር ይቻላል ማለት አልፈልግም። አንባቢ ጎለሙን እንዲያምንልኝ መጀመሪያ መንገዱን፣ ደሞዙን፣ የቤት ኪራዩን ማመን አለበት። ታዲያ 1899 ላድርገው ወይስ 1905? ፍጡራኑስ በየአገራቸው ተረት የማይችሉት ነገር ምንድን ነው? የምታውቁትን ሁሉ ወርውሩልኝ።

ወደብ ጠባቂ፦

እህቴ፣ ዓመቱን ከመወሰንሽ በፊት ይሄን እወቂ። 1899 ካልሽ ስደተኞች የሚመረመሩበትን ኤሊስ ደሴትን እርሺው። ጣቢያው የተከፈተው ጃንዋሪ 1 ቀን 1892 ነው፣ ሕንፃው የእንጨት ነበር፣ ጁን 1897 ላይ ተቃጠለ። ዛሬ በፎቶ የምናየው የጡብ ሕንፃ ሥራ የጀመረው ዲሴምበር 1900 ነው። በመሃል የደረሱትን ስደተኞች የመረመሩት ማንሃታን ጫፍ ላይ፣ ባተሪ የሚባለው ቦታ ባለው የባርጅ ቢሮ ነው። ብዙ ደራሲ እዚህ ጋ ይሳሳታል።

ለአንቺ ግን ይሄ ትልቅ ጥቅም አለው። ሱቅ በደረቴዋ ከመርማሪው ፊት ወጥታ ጥቂት እንደተራመደች ዋሽንግተን ጎዳና ትገባለች። ሌላ ጀልባ የለ፣ ሌላ መሻገሪያ የለ። ከምርመራው ወጥታ የቡና ሽታና የአረብኛ ጩኸት ይቀበላታል። ስለዚህ የእኔ ድምፅ ለ1899 ነው።

ሁለተኛ፣ መርማሪው የሴትዮዋን ስም በራሱ ፈቃድ ሲቀይር የሚያሳይ ትዕይንት አትጻፊ። በፊልም በጣም ይወደዳል። በእውነቱ ግን ስማቸውን የመዘገቡት የመርከብ ኩባንያዎች ናቸው፣ መርማሪዎቹ ያንን ዝርዝር ይዘው ነው የሚያመሳክሩት፣ አስተርጓሚም ነበራቸው። ብዙ ሰው ስሙን የቀየረው በኋላ፣ ሥራ ሲፈልግ ወይም ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲገቡ ነው። ደግሞ ይሄኛው የበለጠ ያሳዝናል፤ ማንም ሳያስገድድህ ስምህን ራስህ ትተወዋለህ።

የመምጫቸውንም ምክንያት አትዝለዪው። አይሁዶቹን የገፋቸው ከ1881 በኋላ፣ የሩሲያው ንጉሥ ዳግማዊ አሌክሳንደር ከተገደለ ወዲህ የተነሳው ጭፍጨፋና ድህነት ነው። የሊባኖስ ተራራ ሰዎችን ደግሞ የገፋቸው የሐር ገበያው መውደቅ ነው። የእስያ ሐር ሲረክስ የእነሱ የሐር ትል እርባታ ከሰረ። ከቤይሩት ማርሴይ፣ ከማርሴይ ለ አቭር፣ ከዚያ ኒውዮርክ። ሴትዮሽ ከዚህ በፊት ሐር ፈታይ ፋብሪካ ብትሠራ ያስኬዳል፣ እዚያ ይሠሩ የነበሩት በብዛት ሴቶች ናቸውና።

የሌሊት አንባቢ፦

ስለ ጎለሙ እኔ ልበል፣ ይሄን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ።

ሰው ሁሉ ጎለም ሲባል ፕራግን ነው የሚያስበው፤ 1609 የሞተውን ታላቁን ረቢ ይሁዳ ሎውን። ግን ተረቱ ከእሳቸው ስም ጋር ተጣብቆ ለኅትመት የበቃው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ጎለሙ አይሁዶችን ከደም ሐሜት፣ ማለትም የክርስቲያን ልጅ ገድለው በደሙ ይጠቀማሉ ከሚለው የሐሰት ክስ፣ የሚጠብቅ ጀግና ሆኖ የተተረከበት ታዋቂው መጽሐፍ ደግሞ የታተመው በ1909 ነው። ስለዚህ በ1899 ያለ ገጸ ባሕርይሽ ያንን የጀግና ታሪክ እንደ ውዳሴ በቃሉ ሲወጣው ካሳየሽ አንባቢ ይይዝሻል።

ከዚያ የሚበልጥ የቆየ አለ። በታልሙድ፣ በአይሁድ ሊቃውንት የሕግና የትውፊት መጽሐፍ ውስጥ፣ ራቫ የተባለው ሊቅ ሰው ፈጥሮ ወደ ረቢ ዜራ ላከው። ረቢ ዜራ አናገረው፣ አልመለሰለትም። «ወደ አፈርህ ተመለስ» አለው። በቃ፣ ታሪኩ ይሄው ነው። አንድ ፍጡር መልስ ባለመስጠቱ ብቻ ወደ አፈር ሲመለስ። ቋንቋ ሳታውቅ መርማሪ ፊት የቆመች ስደተኛ ይሄን በደንብ ትረዳዋለች።

የፖላንዱ የሄልም ከተማ ተረትም አለ፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩትን ረቢ ኤልያስን የሚመለከት። የእሳቸው ጎለም በየቀኑ እያደገ ሄደ። ሲፈሩት ሕይወት የሚሰጠውን ፊደል ከግንባሩ ፋቁት፣ ያ ሁሉ ጭቃ ራሳቸው ላይ ወደቀ የሚሉ አሉ። ለአንድ ሰው መኖሪያ ተብላ ስድስት ሰባት በሚታጎርባት ክፍል ውስጥ እያደገ የሚሄድ ፍጡር አስቢ።

ከሁሉ በላይ ግን ሰንበት አለልሽ! በፕራጉ ተረት ረቢው ዓርብ ማታ ሕይወት የሚሰጠውን ቅዱስ ስም ከጎለሙ አፍ ያወጡና ያሳርፉታል። አንድ ዓርብ ረሱት፣ ጎለሙ ከተማውን አተረማመሰው። አሁን ይሄን ኒውዮርክ አምጪው። እዚያ ከተማ ብዙ አሠሪ ቅዳሜ ያሠራ ነበር። በአገሩ ሰንበትን ሽሮ የማያውቅ ሰው እንጀራው እንዳይቋረጥ ቅዳሜ ካውያ ያነሳል። ታዲያ ስሙን ከጎለሙ አፍ የሚያወጣለት ማን ነው? አሠሪው አይፈልግም። ረቢው የለም፣ ባሕር ማዶ ቀርቷል። የልቦለድሽ ልብ እዚህ ያለ ይመስለኛል።

ብራናና ቀለም፦

የሰንበቱን ነገር ሳነብ ከተቀመጥኩበት ተነሳሁ። እስካሁን የጻፍኩት ጎለም የሚቆጣው ስለተሰደበ ነበር፣ ያ ደግሞ ማንም ሊጽፈው የሚችል ነገር ነው። የማያርፍ ፍጡር ግን ሌላ ነው። 1899 ጸድቋል። አሁን ስለ ጂኒዋ የሚያውቅ ይምጣ።

ሐይቅ ዳር፦

ወሎዬ ነኝ፣ ጂኒ ስትሉ ዝም ማለት አልችልም።

መጀመሪያ፣ ጂኒን ከሰይጣን ጋር አንድ አታድርጊው። በቁርኣን ጂን ጭስ ከሌለው የእሳት ነበልባል የተፈጠረ ነው፣ ሰው ከጭቃ። ከመካከላቸው ደግ አለ፣ ክፉም አለ፣ አማኝ አለ፣ ከሐዲም አለ። ይበላሉ፣ ያገባሉ፣ ይወልዳሉ፣ ይሞታሉ። ስለዚህ ጂኒሽ ሃይማኖት ይኑራት፣ ዘመድ ይኑራት፣ የናፈቀችው አገር ይኑራት። ከሙቀጫ ወጥታ ሦስት ምኞት የምትሞላ አሽከር አታድርጊያት፣ እባክሽ።

በአረብ አገር ተረት ጂን ብረት ይፈራል። በር ላይ ብረት የሚሰቅሉ፣ ሲፈሩ «ብረት! ብረት!» የሚሉ አሉ። ጎለሙ ደግሞ ልብስ ተኳሽ ነው አልሽ። ካውያው እኮ ብረት ነው! እሷ የምትሸሸውን ነገር እሱ ቀኑን ሙሉ በእጁ ይዞ ይውላል። ይሄን ሳታስቢው ከሆነ ያገኘሽው በረከት ነው።

አንድ ልጨምር። ሱረቱ ሰበእ ላይ ጂኖች ለነቢዩ ሱለይማን፣ ለንጉሥ ሰሎሞን ማለት ነው፣ ሲሠሩ ይነገራል፣ ምኩራብ፣ ምስል፣ እንደ ኩሬ የሰፋ ገበታ፣ የማይነቃነቅ ድስት ይሠሩላቸዋል። ሱለይማን በትራቸውን ተደግፈው እንዳሉ ሞቱ። ጂኖቹ አላወቁም። ምስጥ በትሩን በልቶ አስከሬናቸው እስኪወድቅ ድረስ ይሠሩ ነበር። ምን ያህል ጊዜ ጌታዬ አለ፣ ያየኛል እያሉ ለሞተ ሰው ሲለፉ እንደኖሩ አስቢው። ሥራ ለለመደ ስደተኛ ከዚህ የሚቀርብ ታሪክ አላውቅም።

እና የትንሿ ሶርያ ሰዎች አብዛኞቹ ክርስቲያኖች ነበሩ፤ ማሮናይትና መልካይት የሚባሉት የምሥራቅ ካቶሊኮች፣ ኦርቶዶክስም። ጂን ግን የእስላም ብቻ አይደለም፣ የአገሩ ነው። ሴትዮሽ አንገቷ ላይ መስቀል አድርጋ ጂን ብትፈራ ማንም አይገርመውም።

ከቤሩት መልስ፦

የሐይቅ ዳር ወንድሜ የመጨረሻ ነገር እውነት መሆኑን እኔ እመሰክራለሁ። ቤሩት ሰው ቤት ሠርቻለሁ። የቤቱ ሴት አያት፣ ተታ እንላቸው ነበር፣ ቤተ ክርስቲያን የማይቀሩ ሰው ናቸው። የፈላ ውኃ ፍሳሽ ውስጥ ስደፋ ካዩኝ ግን ይጮሁብኛል። መጀመሪያ «ደስቱር» በይ ይሉኛል። ከታች ያሉት ገለል እንዲሉ ፈቃድ መጠየቅ ነው። እኔም ለመድኩት።

ስለ ጎለሙ ግን የምለምንሽ አለ። አንደበት የለውም ማለት ሐሳብ የለውም ማለት አይደለም። ፓስፖርቴን የያዙት አሠሪዎቼ ነበሩ። ቋንቋውን ሳላውቅ የሚያዙኝን በእጅ ምልክት ነበር የምሠራው። በዚያን ጊዜ ያዩኝ ሰዎች ዝምተኛ ናት፣ ታዛዥ ናት ይሉኝ ነበር። ውስጤ ግን አንድም ቀን ዝም ብሎ አያውቅም። ለሰው የማልነግረው ብዙ ነገር ሌሊት ሸሚዝ ስተኩስ ነበር የሚመጣልኝ። የካውያው እንፋሎት ፊትሽን ይመታሻል፣ የአንገትጌው እርጥብ ሽታ አለ፣ እጅጌው ላይ ስትደርሺ እጅሽ ራሱ መንገዱን ያውቃል፣ አንቺ ሌላ ቦታ ነሽ። ያንን ሰዓት ስጪው ለጎለሙ። እንዳይናገር አድርጊው፣ ግን አንባቢው ውስጡን ይስማ።

ደግሞ ጨርቁን እርጥብ ጨርቅ ደርቦ ነው የሚተኩሰው፣ ከባድ ልብስ ከሆነ። ካውያው ምድጃው ላይ ተደርድሮ ይግላል፣ አንዱ ሲቀዘቅዝ ሌላው ይነሳል።

የድሬ ነፋስ፦

ሁሉም ጥሩ። ግን ለምን ኒውዮርክ? ድሬዳዋ አለችልሽ። ባቡሩ በ1902 ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። የየመን አረብ፣ አርመን፣ ግሪክ፣ ሕንድ ሁሉ ነበረባት። ከዓደን የመጡ አይሁድ ነጋዴዎችም በአዲስ አበባና በአስመራ ኖረዋል፤ የአስመራው ምኩራብ የ1906 ሥራ ነው። እኛ በአማርኛ ስንጽፍ የራሳችንን አገር ብናስቀድም አይሻልም? የፈረንጁን ከተማ ፈረንጆቹ ይጽፉታል።

ብራናና ቀለም፦

የድሬ ነፋስ፣ የድሬዳዋውን ሐሳብ ወድጄዋለሁ፣ እውነቴን ነው፣ ራሱን የቻለ ልቦለድ ይወጣዋል፣ አንተ ብትጽፈው ደግሞ መጀመሪያ የማነበው እኔ ነኝ። የእኔ ታሪክ ግን እዚያ አይሄድልኝም። ጎለም ያደገው በምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች ዘንድ ነው፤ ከቋንቋቸው ከዪዲሽ፣ ከሄስተር ጎዳና ገበያ፣ ከዚያ ቅዳሜ ከሚያሠራ ስፌት ቤት ብነጥለው ምን ይቀረዋል? ዓደን ካሉ አይሁዶች ቤት በግድ ባስገባው የሁለቱንም ሕዝብ ታሪክ አበላሻለሁ። በአማርኛ የሚጻፍ ሁሉ አገር ቤት መሆን አለበት የሚለውንም አልቀበልም። የሰው አገር ታሪክ በራሳችን ቋንቋ በጥንቃቄ ተጽፎ ማንበብ መብታችን ነው።

ሃይፋ ዳር፦

እኔ ከእስራኤል ነኝ፣ ቤተሰቦቼ ቤተ እስራኤል ናቸው፣ ከጎንደር። ብራናና ቀለም ታሪኩን ኒውዮርክ በመተውሽ ትክክል ነሽ እላለሁ። ግን ስትጽፊ ልብ ውስጥ እንድትይዢው አንድ ነገር ልንገርሽ።

አያቶቻችን ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ። ወንዱ ብረት፣ ሴቷ ጭቃ። የወለቃ ሴቶች የሚሠሯቸውን የጭቃ ምስሎች ጎንደርን የጎበኘ ሁሉ ያውቃቸዋል። ጎረቤቶቻችን ማረሻውንም ድስቱንም ከእኛ ይገዛሉ፣ ከዚያ ቡዳ ናቸው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ይሉናል። ከእሳትና ከጭቃ ነገር የሚያወጣ እጅ ያስፈራል። ያስፈልጋልም። ፈርተውን መጥተው ይገዙን ነበር።

የአንቺ ሁለት ፍጡራን ደግሞ አንዱ ጭቃ፣ አንዷ እሳት ናቸው። ስለዚህ ጎለሙን ሠፈሩ እንዴት እንደሚያየው ስትጽፊ ፍርሃት ብቻ አታድርጊው። ይፈልጉታል፣ ይጠቀሙበታል፣ ልጆቻቸውን ግን ከእሱ ይደብቃሉ። እኛ ያን አድርሰውብናል፣ ያማል። የዚህ ሕመም በደንብ ከተጻፈ ኦርቸርድ ጎዳና ላይ ቢሆንም እኔ የራሴ አድርጌ አነበዋለሁ።

ስለ ስምም ወደብ ጠባቂ ያለው እውነት ነው፣ በእኛ ላይ ግን የሆነው ሌላ ነው። እኛ ስንመጣ የብዙ ልጆች ስም በዕብራይስጥ ተተክቷል፣ የተኩትም ሌሎች ናቸው። ሁለቱን ስደት አታምታቱ ለማለት ነው።

የቅኔ ልጅ፦

ሰሎሞን ከተነሳ ላይቀር፣ በግእዝም «መርበብተ ሰሎሞን» የሚባል ጸሎት አለን። ንጉሡ አጋንንትን እንደ ባሕር ዓሣ በመረብ የያዘበት ነው የሚባለው። በክታብ ላይ ይጻፋል፣ አንገት ላይ ይታሰራል። አይሁዱ፣ አረቡ፣ አበሻው አንድ ንጉሥ ላይ ተገናኙ ማለት ነው። ጂኒዋና ጎለሙ የሚያወሩት ነገር ካጡ ሰሎሞንን ያውሩ! ሁለቱም ያውቁታል። አንዱ በጥበቡ ሲያመሰግነው ሌላዋ ያሰራት ሰው አድርጋ ትረግመዋለች።

አንባቢ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

የቅኔ ልጅ ያለው ግሩም ነው። እኔ ደግሞ ስለ ተራኪዎቹ ትንሽ ልጨምር። አላዲንን ሁላችንም የሺህ አንድ ሌሊት ታሪክ አድርገን ነው የምናውቀው። የተረከው ግን ሐና ዲያብ የሚባል የሶርያዋ ሐለብ ልጅ ነው፣ ማሮናይት ክርስቲያን፣ በ1709 ፓሪስ ላይ፣ ለፈረንሳዊው ተርጓሚ ለአንቷን ጋላን። ጋላን አሳተመው፣ የሐናን ስም ግን መጽሐፉ ላይ አላወጣውም። ሐና አገሩ ተመልሶ ጨርቅ ነጋዴ ሆኖ ኖረ፣ በእርጅናው የጉዞውን ታሪክ ጻፈ። የዓለም ሁሉ ልጅ የሚያውቀውን ጂኒ ያመጣው ሥራ ፍለጋ ባሕር የተሻገረ ሶርያዊ ወጣት ነው። ሱቅ በደረቴዋን ስትጽፊ ተራኪ አድርጊያት። በየእርሻው ቤት ስትዞር ከሳጥኗ ዕቃ ጋር ተረትም ታድርስ።

ብራናና ቀለም፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ይሄን ጻፍኩ፣ እስቲ እዩልኝ፦

«ዓርብ ነው። ፀሐይ ከጣሪያዎቹ ጀርባ ልትገባ ጥቂት ቀርቷታል። አሠሪው አንድ ክምር ቀሚስ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈና ነገ ጠዋት ይፈለጋል አለ። ምድጃው ላይ ካውያዎቹ ተደርድረዋል። በሩ ተንኳኳ። ክር የምትሸጠው ሴትዮ ናት፣ ሳጥኗ ከደረቷ ተንጠልጥሏል። ከሳጥኑ ውስጥ አንድ ነገር ጮኸ፤ ሴትዮዋ አልሰማችም፣ ሰፊዎቹም አልሰሙም። ጎለሙ ሰማ። ካውያውን አስቀመጠ። ማንም ሳያዘው ብረቶቹን አንድ በአንድ አንስቶ በመስኮቱ በኩል ወደ ጓሮ ማውጣት ጀመረ።»

ወደብ ጠባቂ፦

«ማንም ሳያዘው» የምትለዋ እንዳትነካ! ክፍሉም ልክ ነው። ኦርቸርድ ጎዳና ቁጥር 97 ያለው ሕንፃ የ1863 ነው፣ ዛሬ ሙዚየም ሆኗል፣ እንዲህ ያለ ስፌት ቤት እዚያ መኖሪያ ክፍል ውስጥ ነበር፤ ሰፊው፣ ተኳሹ፣ ሕፃኑ፣ ምድጃው አንድ ላይ። ኒውዮርክ ያለ ሰው ቢያየው ጥሩ ነው። ከትንሿ ሶርያ ግን የቀረው ጥቂት ነው። የብሩክሊን ባተሪ ዋሻ መንገድ ግንባታ በ1940 ሲጀመር ሰፈሩ ፈረሰ፣ ሰዉ ወደ ብሩክሊን ሄደ። ዋሽንግተን ጎዳና ቁጥር 103 ላይ የቅዱስ ጊዮርጊስ የመልካይት ቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ቆሞ አለ።

አንድ ጥያቄ፦ ሳጥኑ ውስጥ ምን ምን አለ?

ብራናና ቀለም፦

ክር፣ ጥልፍ፣ ቁልፍ፣ ሪባን፣ ከኢየሩሳሌም መጣ የሚባል የወይራ እንጨት መቁጠሪያ፣ መርፌ።

ሐይቅ ዳር፦

መርፌ! መርፌው እኮ ብረት ነው። ጂኒዋን ያሰራት ሙቀጫው ብቻ አይደለም፣ በሳጥን ሙሉ መርፌ ተከብባ ነው የምትዞረው። ሴትዮዋ መርፌ በሸጠች ቁጥር የጂኒዋ እስር ይላላል ማለት ነው።

ወደብ ጠባቂ፦

እና እነዚህ ሱቅ በደረቴዎች ዕቃውን የሚወስዱት ከዋሽንግተን ጎዳና ጅምላ ነጋዴዎች ነው፣ በዱቤ። ሸጠው ሲመለሱ ዕዳቸውን ከፍለው ሳጥኑን እንደገና ይሞሉታል።

ብራናና ቀለም፦

ስለዚህ ጂኒዋ ነፃ ልትወጣ ስትቃረብ ሴትዮዋ ወደ ሰፈሯ ትመለሳለች፣ አዲስ መርፌም በዱቤ ይሞላላታል። ከመንገድ ላይ ሳትመለስ ኦርቸርድ ጎዳና መድረስ አለባት፣ የቀራትን መርፌ ሁሉ የሚገዛት ስፌት ቤት። ምዕራፍ አራትን ከመጀመሪያው ልጽፈው ነው።